ድምፄ ይሰማል?

የሰኔን ድሬ የኖረባት ያውቃታል። ቬንትሌተሩ የሚያመጣው ነፋስ ራሱ ይጋረፋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከዚራ ባለው ቤቴ ሳሎን ቁጭ ብዬ አስተምር ነበር። ስልኬን መጻሕፍት ላይ አስደግፌዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉ። ሦስቱ ሚድዋይፍ፣ ሁለቱ የሕክምና፣ ሁለቱ የላብራቶሪ፣ አንዷ የፋርማሲ፣ አንዱ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ)። አንዱ ሐረር ሸዋ በር ነው ያለው። አንዷ ጭሮ፣ አንዱ ጅግጅጋ። ሁሉም ኮቪድ ከግቢ አስወጥቶ ወደ ቤተሰብ የመለሳቸው ልጆች ናቸው።

በዚያ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነገር የፈጀው ሰማንያ ሰከንድ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አለፈው፣ ከውስጤ አልወጣም። ልጽፈው ስቀመጥ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሌሊት ቀድሞ ይመጣብኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

## ደሙ የት ደረሰ?

ሚድዋይፍ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሆስፒታሉን አልጠራም። እናትየዋ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ፣ አለቀሰ። እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም።

ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠናት። ማህፀኗን አሸን። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። አንዴ አያትና «ደም ይዘጋጅ፣ ቶሎ!» አለ። ትክክለኛ ትዕዛዝ ነው። ጊዜውም ትክክል ነበር። እኔ የደም ናሙናዋን ወደ ላብራቶሪ ጓደኛዬ ትልካለች ብዬ እጄን ከሆዷ ላይ አላነሳሁም። ጓደኛዬ እኔ የላክሁ መስሏት ሁለተኛ ደም ሥር ትፈልጋለች። ናሙናው ተቀድቷል። በትንሿ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ሁላችንም በአጠገቡ እንመላለሳለን።

ቆይቶ አንድ ሰው አየውና በር ላይ ለቆመው ባሏ ሰጠው። እዚህ አገር ናሙና ይዞ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ አስታማሚ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሰውየው በጨለማ፣ በማያውቀው ግቢ ውስጥ፣ የላብራቶሪውን መስኮት ፍለጋ ዞረ። ሲያገኘው ደግሞ ወረቀቱ ላይ «አስቸኳይ» የሚል ቃል አልተጻፈም። ባለሙያው ተቀብሎ በተራው አስቀመጠው። ምን ያድርግ? እዚያ ማዶ የሚሆነውን ማንም አልነገረውም።

ልጅቷ ተረፈች። ማህፀኗ ግን ወጣ። በሃያ ሁለት ዓመቷ።

በማግስቱ ስብሰባ ተቀመጥን። ሁሉም የሠራውን ተናገረ። የሁሉም ትክክል ነበር። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጥፋተኛ ብናገኝ ይቀልለኝ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ያን ሌሊት ግን እያንዳንዳችን ሎሚው ሌላው ሰው እጅ ላይ ነው ብለን ነበር። መሬት ወድቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቴ ማሰብ ጀመርኩ። ተምሬ እስክመረቅ ከአንድ የላብራቶሪ ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ግቢያችን አንድ ነው። የምንገናኘው ካፌ ሰልፍ ላይ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሰነድ የጤና ተማሪዎች አንዱ ስለሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ ሁሉም አብረው ይማሩ ይላል። ሰነዱን መጀመሪያ ያነበብኩት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሳነበው የታየችኝ ያቺ ቱቦ ነበረች።

## ከርከዴ በአንሶላ ላይ

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ ተባለ። በቀናት ውስጥ ግቢዎቹ ባዶ ሆኑ። ድሬና ሐረር ያለን ጥቂት አስተማሪዎች በቴሌግራም ተጠራርተን፣ ተመራቂዎቹን እንዲሁ ቤት ከምንተዋቸው የቡድን ልምምዱን በስልክ እንቀጥልላቸው ተባባልን። ማንም አላዘዘንም። የኢንተርኔት ጥቅል የምንገዛውም ከኪሳችን ነበር።

ከሁሉም የተጠራጠርኩት እኔ ነኝ። ወሊድን በስልክ? የሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን የሚያስመስል ልምምድ፣ ለእኔ አሻንጉሊቱ ነበር። በውኃ ሲሞላ እንደ ጨቅላ ልጅ የሚከብደው፣ አንገቱ የሚወድቀው፣ በትክክል ካልያዙት ደረቱ የማይነሳው አሻንጉሊት። እሱ ደግሞ ስኪል ላብ፣ የግቢው የተግባር መለማመጃ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላል ነገር ነው። ከርከዴ አፈላሁና አቀዘቀዝኩት። ግማሽ ሊትር ለካሁ። ካሜራው ፊት አሮጌ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩና ደፋሁበት። «ይህ ደም ቢሆን ስንት ነው? ጻፉልኝ» አልኳቸው። ትንሹ መቶ ሃምሳ፣ ትልቁ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር መጣ። አምስት መቶ ያለ አንድም የለም። አንሶላ ደምን ይደብቃል። አምስት መቶ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያለ መድማት ከመጠን አለፈ ሲባልበት የኖረ መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኢ-ሞቲቭ የሚባለው ጥናት ውጤት ሲወጣ ያ አንሶላ ትዝ አለኝ። ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ80 ሆስፒታሎች የተሠራ ነው። ከወላዷ ሥር መለኪያ ያለው ፕላስቲክ አነጠፉ። ደሙን በግምት መገመት ቀረ። ሕክምናውን ደግሞ አንድ በአንድ ከመሞከር ባንዴ ሰጡ። ከባዱ መድማትና ከሱ የሚመጣው ጣጣ በ60 በመቶ ቀነሰ። በአብዛኛው አዲስ መድኃኒት አይደለም የቀነሰው። ቶሎ ማወቅና አብሮ መነሳት ነው።

ወደ ከርከዴው ቀን ልመለስ። ከላብራቶሪዎቹ አንዱ፣ ጅግጅጋ ያለው፣ ማይኩን ከፈተ። «አንድ ከረጢት ደም ብዙውን ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ነው» አለ። «ስለዚህ ሲስተር ያፈሰሰችውን እንኳ አይተካም።» ሚድዋይፎቹ ጸጥ አሉ። ስለ ከረጢቱ መጠን አስበው አያውቁም ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ አስቤ አላውቅም። ደም ከመስኮት የሚመጣ ነገር ነበር፤ አበቃ። ያን ቀን ይህ ነገር ሊሠራ ይችላል ማለት ጀመርኩ።

## ሰማንያ ሰከንድ

እንግዲህ ወደዚያች ከሰዓት በኋላ።

ታሪኩን አዘጋጅቼ ነበር። እናት ወልዳለች፣ እየደማች ነው። እኔ የእናትየዋ ድምፅና ሰዓቱ ነኝ። በየደቂቃው ያለችበትን እናገራለሁ፤ ከዚያ ውጭ ጣልቃ አልገባም። ጭሮ ያለችው ሚድዋይፍ ተማሪ ማዋለጃ ክፍል ናት። ሐረር ያለው የሕክምና ተማሪ ተረኛ ሐኪም ነው። ጅግጅጋ ያለው ላብራቶሪ።

ጥሩ ጀመሩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ማህፀኑን አሻሻች፣ መድኃኒቱን ጠራች፣ ሐኪሙን ጠራች። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ስምንት መቶ ደርሷል፣ የልብ ምቷ 130 ነው» አልኩ። ልጅቷ «ላብራቶሪ!» አለች። ከዚያ ምስሏ ቆመ። አፏ በከፊል እንደተከፈተ።

ዝም አልን። እኔ የምታስብ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙም ዝም አለ። ላብራቶሪውም ዝም አለ። ደንቡን ላለማፍረስ ሰዓቱን ብቻ እያየሁ ጠበቅኩ። ሃያ። አርባ። ስድሳ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል። ሰማንያ ሰከንድ ላይ ምስሏ ተንቀሳቀሰ።

«እሺ፣ ታዲያ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለች።

«ምኑ?» አለ የላብራቶሪው ልጅ።

«ደሙ ነዋ!»

«የቱ ደም?»

«ነገርኩህ እኮ! ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ ሁለት ከረጢት አስቸኳይ ብዬ…» ቆመች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «አቦ ሲስተር፣ እኔ እኮ ሁሉንም ተናግሬያለሁ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ።

መልስ መስጠት አቃተኝ። ካሜራዬን ዘጋሁ። የታየኝ ትሪው ነው፣ ቱቦዋ ናት። ይኸው እንደገና ማንም አላጠፋም። ልጅቷ ተናግራለች። ልጁ አልሰማም። ሐኪሙ ዝም ስትል የጨረሰች መስሎታል። ሴትየዋ ደግሞ እየደማች ነው።

ራሴን ሰብስቤ ስመለስ «ኔትወርኩ ነው፣ የናንተ ጥፋት አይደለም፣ ከመጀመሪያው እንድገመው» አልኩ። የላብራቶሪው ልጅ ግን እምቢ አለኝ። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «ሲስተር፣ አንድገመው። እውነተኛው ራሱ እንዲህ ነው። የተግባር ልምምድ ላይ እያለሁ ስልኩ ይጮሃል። ግማሹን እንሰማለን፣ ይቋረጣል። ወይ መልሰው ይደውላሉ ብለን እንጠብቃለን፣ ወይ አስፈላጊ ቢሆን ይደውሉ ነበር እንላለን። እናንተ ጋ እንደዚህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር። እናንተ ጋ እንደዚህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስኪል ላብ ውስጥ ሁላችንም አሻንጉሊቱን ከበን እንቆማለን። የላብራቶሪው ተማሪ ከአልጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል። ሆስፒታል ውስጥ ግን መቼ ነው እዚያ የሚቆመው? እሱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ከመስኮት ጀርባ። ፋርማሲዋም እንዲሁ። ተረኛው ሐኪም ሌላ ዋርድ ነው። ለካ ያ ክብ የሌለ ነገር ነበር። እውነተኛው ሥራችን በርቀት የሚሠራ ነው። በስልክ፣ በቁራጭ ወረቀት፣ በአስታማሚ እጅ። ወደ ስልክ ስንገባ ርቀቱን የፈጠርን መስሎኝ ነበር። ርቀቱ ቀድሞም ነበር፤ እኛ ነን ሳናሳያቸው የቆየነው።

## «ይዘጋጅ» ማንን ነው?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞቷል። አንዱ ሊነሳ እየተንደረደረ ነው። ሌላው እዚያው መንገድ ላይ ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው «ጠብቅ» ይላል፤ መንገድ ላይ ያለው አውሮፕላን ደግሞ «ገና መንገዱ ላይ ነን» ይላል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ተናገሩ። ሬዲዮው ላይ ድምፆቹ ተጋጩና የሚነሳው አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው በአብዛኛው ጩኸት ነበር። ሁለቱም የሚያድን ቃል ተናግረው ነበር። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች የንግግር ሥርዓታቸውን አጠበቁ፤ የተነገራቸውን መልሰው ይናገራሉ። ሕክምናውም በኋላ ከነሱ ተማረ።

እኛም ከነገሩ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፦ መልስ ያልመጣለት ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። «ሁለት ከረጢት፣ አስቸኳይ» ሲባል፣ ላብራቶሪው «ሁለት ከረጢት፣ አስቸኳይ፣ ሰምቻለሁ፣ ጀምሬያለሁ» ይላል። እስኪል ድረስ ተናጋሪዋ ትደግማለች።

በወረቀት ቀላል ነው። በአማርኛ ስንሞክረው ግን ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ታላቅን «ሰማህ?» ማለት ነውር ነው። ሚድዋይፍ ተማሪዋ ለ«ዶክተር» መልሳ ስትናገር ያልታመነ መሰለው፤ እሷም ድፍረት መሰላት። ዝም አይነቅዝም ተብለን ነው ያደግነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ በደቂቃ ይነቅዛል። ብዙ ተነጋገርንበት። በመጨረሻ የፋርማሲዋ ልጅ መንገድ አገኘች። «ሰሙ ወይ?» ከማለት «እንዳልሳሳት ልድገመው» ማለት። ክብሩም ይጠበቃል፣ ቃሉም ይመለሳል። መድማትን የሚቀንሰው መድኃኒት ሲታዘዝ ለምሳሌ፦ «እንዳልሳሳት ልድገመው፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ አንድ ግራም፣ በደም ሥር፣ ቀስ ብሎ።» ሐኪሙ «አዎ» ይላል። አለቀ። አራት ሰከንድ አይፈጅም።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። ስንናገር የምንጠቀምባቸውን ግሦች አዳመጥኩ። ደም ይዘጋጅ። መድኃኒት ይምጣ። ኦክስጅን ይከፈት። አንስቴዥያ ይጠራ። ሁሉም ትዕዛዝ ነው፣ ግን ባለቤት የለውም። ያን ሌሊት ሐኪሙ ያለውም ይህንኑ ነው። «ደም ይዘጋጅ።» ማን ያዘጋጅ? ቋንቋችን ማንንም ሳያስከፋ፣ ማንንም ሳይጠራ ማዘዝ ይችላል። ለቤት ጨዋነት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ትሪ ላይ የተረሳች ቱቦ ነው። ስለዚህ በልምምዱ «ይምጣ»ን ከለከልን። የሰው ስም ይጠራል፣ «አንቺ ላኪ»፣ «አንተ ደውል» ይባላል። መጀመሪያ ላይ አፋቸው አልታዘዝ አለ። ጆሯቸውም ደነገጠ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርስ በርስ ይተራረሙ ጀመር።

ይህን ሁሉ ስኪል ላብ ውስጥ አንማረውም ነበር? ላንማረው እንችል ነበር። እዚያ ዓይን ለዓይን ስለምንተያይ በጥቅሻ ይፈታል። ስልኩ ላይ ጥቅሻ የለም። ቃሉ ብቻውን መቆም አለበት።

## እጅ ግን እጅ ነው

ያልሆነውንም ልናገር። ሰኔ 23 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሳምንታት ቆየ። ተራ ጥሪ ይሠራልን ስለነበር ሁለት ሁለት እያደረግን በስልክ አለማመድናቸው። ሚድዋይፍና ላብራቶሪ፣ ሐኪምና ፋርማሲ። እውነቱን ለመናገር ከቪዲዮው የተሻለ ሠራ። ሆስፒታል ውስጥም ቪዲዮ የለም።

ግን አንዲት የቡድኑ ተማሪ ቀረችብን። ቤቷ ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው። ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ትወጣ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ አልቻለችም። መልካም ነገር ሠራን ስል እሷ ፊቴ ትመጣለች። በስልክ የሚሰጥ ትምህርት መጀመሪያ የሚተወው መንገድ ዳር ያልደረሰውን ነው። ያ ተማሪ ደግሞ ነገ ብዙ ጊዜ እዚያው ገጠር ጤና ጣቢያ የሚመደብ ነው። ይህ ያመኛል። መፍትሔ አላገኘሁለትም።

እጅም አለ። ግቢው ሲከፈት ልጆቹን ስኪል ላብ አስገባኋቸው። የጨቅላውን አሻንጉሊት ሰጠኋቸው። ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት። ደረጃዎቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። ጭንብሉን ፊቱ ላይ ሲያደርጉ ግን አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ደረቱ አይነሳም። ጣቶቻቸው አያውቁትም። ጎበዟ ልጅ እንኳ ከመቻሏ በፊት ብዙ ጊዜ ደጋገመች። ማህፀንን በሁለት እጅ መጭመቅ እንዲሁ ነው። በካልሲና በፊኛ ሠርተን በካሜራ አሳይተናቸው ነበር። ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ ክንድ እንዴት እንደሚዝል ካልሲ አይናገርም። ይህን በስልክ አስተምራለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በጨዋ ደንብ አልስማማም እለዋለሁ።

## ኒሙ ሥር

አሁን ሁለቱንም እናደርጋለን። በሳምንት አንድ ማታ ድሬና ሐረር ያሉት በስልክ ይገናኛሉ። የ55 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ደንገጎን መውጣት ሳያስፈልጋቸው አብረው ይለማመዳሉ። ስኪል ላብ ስንገባ ደግሞ ክቡን አፍርሰነዋል። የላብራቶሪው ተማሪ ውጭ ነው፣ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ስልክ ይዞ። ፋርማሲው ኮሪደሩ ጫፍ። አንዳንዴ ሆን ብዬ መስመሩን እቆርጠዋለሁ።

ባለፈው ወር አዲስ ቡድን ገባ። የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ስለ «ይምጣ» ገና አልነገርኳቸውም፤ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ሲሠሩ ማየት እፈልጋለሁ። ደሙ ስምንት መቶ ደርሷል አልኩ። ሐኪም የሆነው ልጅ እንደተለመደው «ደም ይምጣ፣ ቶሎ!» አለ።

ሚድዋይፏ ሁለት እጇ አሻንጉሊቱ ላይ ነው። ቀና አለች። ቀጭን ድምፅ ያላት፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። «ማን ያምጣ ዶክተር?» አለችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ አያት፣ እጆቿን አየ። «አንቺ… አይ፣ እጅሽ ተይዟል» አለ። ወደ አንስቴዥያው ተማሪ ዞረ። «አንተ ናሙናውን ውሰድ። ሁለት ከረጢት፣ አስቸኳይ በላቸው።»

«ሁለት ከረጢት፣ አስቸኳይ፣ ይዤ እየሄድኩ ነው» አለ ልጁ። በሩን ከፍቶ ወደ ኒሙ ሮጠ።

ትሪውን አየሁት። ባዶ ነበር።